የብራና ጽሑፎችና ብርቅ መጻሕፍት በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ራቅ ብሎ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ቁም ሣጥን የሚቀመጡ የብራና ጥራዞች፣ የድሮ ጋዜጦች፣ ደብዳቤዎችና እንደገና ያልታተሙ መጻሕፍት አሉ። እነዚህ ሲጎዱ ጣታችንን ወደ ቸልተኝነት መቀሰር ይቀናናል። ይሁን እንጂ ከባዱን ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ለመጠበቅ ብሎ የተነሣ፣ ነገር ግን የተሳሳተ ነገር የተነገረው ሰው ነው። በሙያው የሚሠሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያከብሩት ደንብ በጽሑፉ ላይ የሚሠራ ማናቸውም ሥራ ወደፊት ሊቀለበስ የሚችል እንዲሆንና የተሠራውም ሁሉ በመዝገብ እንዲሰፍር የሚያዝዝ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች በአብዛኛው ይህን ደንብ የሚያስጥሱ ናቸው።

«ብርቅ የሚባለው በጣም ያረጀው ብቻ ነው»

ዕድሜ አንድ መመዘኛ ቢሆንም ብቸኛው መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና በደህና ቦታ ከተቀመጠ ዛሬም ይገለጣል፣ ይነበባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ ጋዜጣ ግን በእጅ ሲያዝ ይፈረፈራል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው ወረቀት ከእንጨት ብስባሽ የሚሠራ ሲሆን፣ ቀለም እንዳይመጠው የሚጨመርበት ንጥረ ነገር አሲድ እየፈጠረ ወረቀቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ እትሞች፣ ወይም በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ወቅት በስቴንስል ተባዝተው የተበተኑ ጽሑፎች፣ ከብዙ ብራናዎች ይልቅ ለመጥፋት የቀረቡ ናቸው። በጥቂት ቅጂ ወጡ፣ በርካሽ ወረቀት ታተሙ፣ የያዛቸውም ሰው በፍርሃት አቃጠላቸው ወይም ደበቃቸው። አንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ብራናውን በመስታወት ሣጥን እያሳየ እነዚህን በካርቶን አጭቆ ደረጃ ሥር ካስቀመጠ የቅድሚያ ቅደም ተከተሉን አዛብቷል ማለት ነው። እነዚህ ጽሑፎች አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ ተዘርግተው፣ ከብርሃን ርቀው፣ ቀድመውም ፎቶ ተነሥተው ሊቀመጡ ይገባል።

«ብራና ያለ ነጭ ጓንት አይነካም»

በቴሌቪዥን የምናየው ነጭ የጥጥ ጓንት የጥንቃቄ ምልክት ሆኖ በሕዝብ ዘንድ ሰርጿል። በተግባር ግን የብሪቲሽ ላይብረሪን የመሳሰሉ ትልልቅ ተቋማት ለብራናና ለወረቀት የሚመክሩት በሳሙና ታጥቦ በደንብ የደረቀ ባዶ እጅን ነው። ጓንት የጣትን ስሜት ይቀንሳል። ጨርቁ በተቀደደ ጠርዝና በተላጠ ቀለም ላይ ይያዛል፣ ቆሻሻም ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ያዛምታል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶግራፍ፣ ለፊልምና ለብረት ነገሮች ነው። ከጓንት ይልቅ የሚጠቅመው መጽሐፉ ያለ አቅሙ እንዳይበረገድ በስፖንጅ ወይም በትራስ ድጋፍ ማሳረፍ፣ በንባብ ክፍሉ ውስጥ ከእርሳስ በቀር መጻፊያ አለማስገባት፣ ምግብና ውኃን መከልከልም ነው። በሥዕሎች ላይ ግን ጓንት ተደረገም አልተደረገም ጣት አያርፍም።

«የተቀደደው በፕላስተር፣ የሳሳው በላስቲክ ልባጥ ይድናል»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። ግልጹ የቢሮ ፕላስተር ሲለጠፍ ንጹሕ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ግን ማጣበቂያው ቢጫ ይሆናል፣ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ላስቲኩም ተላጦ ሲወድቅ እድፉ እዚያው ይቀራል። እድፉን ለማስወገድ ኬሚካል የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ ላይሳካለት ይችላል።

ላሚኔሽንም ቢሆን የራሱ መራር ታሪክ አለው። በአሜሪካ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዊልያም ባሮው የተባለ ባለሙያ ያስፋፋው ዘዴ ሰነዶችን በሴሉሎስ አሲቴት ላስቲክ መካከል አድርጎ በሙቀትና በጫና ማጣበቅ ነበር። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ጥበብ ተብሎ በትልልቅ ቤተ መዛግብት በሥራ ላይ ዋለ። በኋላ ላስቲኩ ራሱ እየተበላሸ አሲድ ማመንጨቱ ስለታወቀ የኋለኛው ትውልድ ባለሙያዎች የቀደሙትን ሥራ አንድ በአንድ የመፍታት ዕዳ ወደቀባቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በሚገኘው የላሚኔሽን ማሽን የአባቶችን ደብዳቤ ማስለበጥ ከቶ የሚመከር አይደለም። በብራና ላይ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ብራና ቆዳ በመሆኑ በሙቀት ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም።

ትክክለኛው ጥገና ዘገምተኛና የማይታይ ነው። ለወረቀት ስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያገለግላል። ይህ ማጣበቂያ በጥቂት እርጥበት ስለሚለቅ ነገ የተሻለ ዘዴ ሲገኝ የዛሬውን ሥራ ማንሣት ይቻላል። ለብራና የሚውለው ማጣበቂያና የእርጥበቱ መጠን የተለየ በመሆኑ ሠልጥኖ ያላየው ሰው ባይሞክረው ይመረጣል። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ የተቀደደውን ቅጠል ባለበት ትቶ መጽሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በልኩ በተሠራ ሣጥን ማኖር በቂ፣ የተከበረም ሥራ ነው።

በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም የዚሁ ስሕተት ወገን ነው። የአውሮፓ ጸሐፍት ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚዘጋጅ ቀለም ወደ ወረቀቱ ገብቶ ራሱን ወረቀቱን ይበላል። የእኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ግን መሠረቱ ጥላሸት ነው። ብራናውን አይበላም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ያረፈ በመሆኑ በውኃ ይለቃል፣ በፍትጊያም ይላጣል። ስለዚህ ለአውሮፓ መጻሕፍት የተጻፈን የጥገና መመሪያ እንዳለ ወስዶ በግዕዝ ብራና ላይ መሞከር ጽሑፉን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

ከጥራዙ የወደቀ ቁራጭም አይጣል። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ለረጅም ጊዜ በብዙ ተመራማሪዎች ግምት ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ይመስሉ ነበር። ከብራናው የተላቀቁ ትንንሽ ቁርጥራጮች በኦክስፎርድ በካርበን ሲመረመሩ ግን ዕድሜያቸው በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ። የወደቀው ቁራጭ በፖስታ ተቀምጦ፣ ከየትኛው ቅጠል እንደወደቀ በእርሳስ ተጽፎ ከመጽሐፉ ጋር መኖር አለበት።

«የአገር ቤቱ ጥራዝና ማኅደር ኋላ ቀር ስለሆነ በዘመናዊ ይተካ»

ይህን አባባል የተማሩ ሰዎች ሲናገሩት መስማት ያሳዝነኛል። የኢትዮጵያ ጥራዝ በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ቅጠሎቹን በሰንሰለት መሰል ስፌት አያይዞ የሚሠራ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ ሙጫ ስለማይፈስበት መጽሐፉ ሳይጨነቅ ይከፈታል። ገበታዎቹ በክብደታቸው ብራናው እንዳይጨማደድ ይጫኑታል። መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት፣ ማለትም ማኅደሩ፣ ከብርሃን፣ ከአቧራና ከድንገተኛ የአየር ለውጥ ይከልላል። በማንገቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀመጥ ደግሞ ከወለል እርጥበትና ከአይጥ ይርቃል። በሥዕል ገጾች ላይ የሚሰፋው ጨርቅም ቀለሙን ከፍትጊያ ይጠብቃል። ዛሬ የጥበቃ ባለሙያዎች በልክ የተሠራ ሣጥን፣ በሙጫ ያልታሰረ ጀርባ፣ በሥዕል ላይ መጋረጃ እያሉ የሚመክሩት ነገር ብዙው በዚህ ልማድ ውስጥ አለ።

ጥራዙን ፈትቶ በማተሚያ ቤት መንገድ እንደገና ማስጠረዝ ሌላም ነገር ያጠፋል። ጠራዡ ጠርዙን እኩል ለማድረግ ሲቆርጥ በኅዳጉ (በገጹ ዳር) ላይ ያለው ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል። በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ዝርዝር፣ የስምምነት ቃል ይመዘገብ ስለነበር፣ ለታሪክ ተመራማሪው ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ኅዳጉ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ። የስፌቱ ቀዳዳ፣ የገበታው እንጨት፣ በቆዳው ላይ የታተመው ጌጥ (ድጉሱ) ሁሉ መጽሐፉ የት እንደተሠራና ስንት ጊዜ እንደታደሰ የሚመሰክሩ ናቸው። ማኅደሩ ቢያረጅም አብሮ ይመዘገባል፣ አብሮም ይቀመጣል።

«ደረቅና ፀሐያማ ክፍል ካለ፣ ብል ካለም መድኃኒት ከተረጨ በቂ ነው»

ብራና ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል። በጣም ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይጨማደዳል፣ በላዩ ያለው ቀለምም ይላጣል፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ሻጋታ ያሰጋዋል። ብዙ ተቋማት ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበትና ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ይመርጣሉ። ከቁጥሩም በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። በደጋው አገራችን በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ እርጥብ በመሆኑ ቀን ማሞቂያ አብርቶ ማታ ማጥፋት ነገሩን ያባብሰዋል። ውድ መሣሪያ የሌለው ኮሌጅም ቢሆን በሕንፃው መካከል የሚገኝ፣ ውጫዊ ግድግዳና የውኃ ቧንቧ የሌለበት ክፍል መምረጥ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳ ማራቅ፣ መጻሕፍቱን በሣጥን ማድረግና በርካሽ የእርጥበት መለኪያ ንባቡን በየዕለቱ መመዝገብ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ቀለምን ያደበዝዛል፣ ብራናንም ያጠነክራል።

ብልና ነቀዝ ሲገኝ የተጠረጠረውን መጽሐፍ ወዲያው ለይቶ በላስቲክ ማሸግ ይቀድማል። በመጽሐፍ ላይ የሚረጭ መርዝ ቀለሙንም፣ ቆዳውንም፣ ከሁሉ በላይ አንባቢውንና ሠራተኛውን ይጎዳል። ወረቀትን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ማቀዝቀዝ ነፍሳቱን ይገድላል። የእንጨት ገበታና ሥዕል ያለበት ብራና ሲሆን ግን ባለሙያ ሳይማከሩ ማቀዝቀዝ አይገባም።

«ስካን ከተደረገ ዋናው ቢጠፋም ግድ የለም»

ቅጂ የማንሣት ጥቅም በአገራችን ተፈትኖ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር የተባበረችበት የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ጽሑፎችን በፊልም አስቀርቷል። ቅጂዎቹ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲም ስለተቀመጡ በአገር ውስጥ ጦርነትና ለውጥ ሲፈራረቅ አልጠፉም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት በዚያ ተቀምጠው ብዙዎቹን በካታሎግ ገልጸዋቸዋል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀይ ቀለሙን ዓይነት፣ የቆዳውን ውፍረት፣ የተፋቀውን ፊደል አይነግርም፤ ነገ የሚፈጠር የምርመራ ዘዴም የሚፈልገው ዋናውን ነው።

ዲጂታል ፋይሉ ደግሞ ከብራናው ይልቅ ደካማ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ተሰብሮ የዓመታት ድካም በአንድ ቀን ይጠፋል። ቢያንስ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም በሌላ ሕንፃ ወይም ከተማ ሊኖር ይገባል። ፋይሎቹ ሳይበላሹ መቆየታቸው በየጊዜው መፈተሽ፣ ፎርማታቸው ሲያረጅም መተላለፍ አለበት። ለዚህ ዓመታዊ በጀት ያልያዘ ኮሌጅ ስካነር ከመግዛቱ በፊት ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻለዋል።

«ማህተም መትቶ ቆልፎ ማስቀመጥ ከስርቆት ያድናል፤ ስጦታም ሲመጣ አይጠየቅም»

በሥዕሉ ፊት ወይም በጽሑፉ መካከል የተመታ የቢሮ ማህተም አይጠፋም፤ ሌባ ግን ያንን ቅጠል ቀዶ ያወጣዋል። የሚጠብቀው ዝርዝር መግለጫ ነው፦ የቅጠሎቹ ብዛት፣ በእርሳስ የተጻፈ የቅጠል ቁጥር፣ ልኬቱ፣ ጉድለቱ፣ የሥዕሎቹ ፎቶግራፍ። መጽሐፉ ሲወጣና ሲመለስ ከዚህ ጋር ይመሳከራል። ተቆልፎ ማንም የማያየው ክምችት ቢጎድልም የሚያውቅ የለም፤ ሻጋታውም ሳይታይ ይስፋፋል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የምርምር መሠረት ሊሆን የበቃው ተመራማሪ ስላስነበበ ነው።

ስጦታን በተመለከተም መጽሐፉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሰጪውን መናቅ አይደለም። የአሜሪካው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ካገኛቸው ብራናዎች አንዱ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ንብረት መሆኑ በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገዳሙ መልሷል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ብራና የሚቀበል ኮሌጅ የሰጪውን ደብዳቤ፣ መጽሐፉ በማን እጅ እንደቆየ የሚናገረውን ቃልና በቅጠሎቹ ላይ የሚነበበውን የቤተ ክርስቲያን ስም ሁሉ መዝግቦ፣ የተፋቀ የባለቤት ስም ካየም ከመቀበሉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑንና ስሙ የተጠቀሰውን ደብር መጠየቅ ይኖርበታል።