ውሻዬ እግር ላይ ይወጣል፦ ስለ መስረር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የወሲብ ፍላጎቱ በዝቶ ነው»

አንዳንዴ ነው፤ በተለይ በአቅራቢያው የደራች ሴት ውሻ ካለች። ግን የጥቂት ሳምንታት ቡችሎችም ሲጫወቱ እርስ በርስ ይወጣጣሉ። ሴት ውሾችም ያደርጉታል። ብዙውን ጊዜ ደስታ ወይም ጭንቀት ከልክ ሲያልፍበት የሚተነፍስበት መንገድ ነው። እንግዳ ሲገባ፣ ጨዋታ ሲጦፍ የሚብስበትም ለዚህ ነው።

«አለቃ መሆኑን ለማሳየት ነው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ትራስ ላይ የሚወጣው ውሻ ማንን ሊገዛ ነው? ጉዳቱ ግን አያስቅም። ባለቤቱ «ማን አለቃ እንደሆነ ላሳየው» ብሎ ይጮህበታል፣ ይመታዋል፣ ገልብጦ መሬት ላይ ይይዘዋል። የፈራ ውሻ ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ጭንቀቱ ደግሞ ራሱ ለመስረር ይገፋዋል። ሊነክስም ይችላል።

የሚሻለው ቀድሞ መንቃት ነው። ብዙ ውሾች ከመውጣታቸው በፊት ያለከልካሉ፣ ይዞራሉ፣ ሙጭጭ ብለው ያሸታሉ። ያኔ ረጋ ብላችሁ ጥሩት፣ «ተቀመጥ» በሉት፣ ሲታዘዝ ሸልሙት። ከጀመረ ሳትጮኹም ሳትስቁም ተነስታችሁ ራቁ። ለአንዳንዱ ውሻ ሳቅም ሽልማት ነው። ካልተወ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሌላ ክፍል ይቆይ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ በማሰሪያ ያዙት። ሌላ ውሻ ላይ ወጥቶ ያኛው ከሸሸ ወይም ካጉረመረመ፣ ጠብ ሳይነሳ ለዩዋቸው።

«ከተኮላሸ ይተዋል»

በብዙዎቹ ይቀንሳል፣ በሁሉም ግን አይጠፋም። ማኮላሸት ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ያወርዳል እንጂ ልማድን አይሰርዝም። ለዓመታት የለመደው ውሻ ሥልጠናም ያስፈልገዋል። ፈሪ ውሻ ከሆነ ደግሞ ውሳኔውን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተመካከሩበት። በነገራችን ላይ፣ የተኮላሸ ውሻ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ሊችል ስለሚችል ከሴት ለይታችሁ አቆዩት።

«አንዴ ከሴት ጋር ቢገናኝ ይወጣለታል»

አይወጣለትም። ትርፉ አሳዳጊ የሚፈለግላቸው ቡችሎች ናቸው።

«የባሕርይ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ምን ያደርግለታል?»

በድንገት ከጀመረው፣ ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ ወይም ቶሎ ቶሎ ከሸና ሐኪም ይየው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቆዳ አለርጂ ወይም የፕሮስቴት (ፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ) ችግር ሊሆን ይችላል። ብልቱ ወጥቶ አልመለስ ካለ ደግሞ ድንገተኛ ሕመም ነውና ሳይውል ሳያድር ውሰዱት።