ተራራ፣ ሸለቆና የ2 ልዩነት

ወረቀት ሲታጠፍ መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ወደ ላይ የወጡትና ወደ ታች የገቡት መስመሮች ብዛት በ2 ይለያያል የሚለው የአስተጣጠፍ ሕግ ደጋግሞ እያምታታ ስለሆነ በወረቀት እንየው። አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ፣ ከዚያ በሌላኛው አቅጣጫ እንደገና ለሁለት። አሁን ዘርጉት። መሃል ላይ አራት መስመሮች ይገናኛሉ፤ ሦስቱ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ አንዷ ብቻ ታፈነግጣለች። ወደ ላይ የወጣው ተራራ፣ ወደ ታች የገባው ሸለቆ ይባላል። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከታጠፈ፣ መሃሉ ላይ መስመሮች በተገናኙበት ነጥብ ሁሉ የተራራዎቹና የሸለቆዎቹ ብዛት ልዩነት 2 ነው። ይሄ አይነቃነቅም። የመስመሮቹ ብዛትና ማዕዘን ግን ይለያያል። ደግሞ 2 ስለመጣ ብቻ ወረቀቱ የግድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታጠፋል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ጃፓናዊው የጠፈር ሳይንቲስት ኮርዮ ሚዩራ የነደፈው አስተጣጠፍም በየመገናኛ ነጥቡ ሦስት ለአንድ ነው። ከላይ ካጠፍነው የሚለየው ባንዱ አቅጣጫ ያሉት መስመሮች ሰያፍ መሆናቸው ነው፣ በዚህ የተነሳ ጥግና ጥጉን ይዛችሁ ስትስቡት ሁሉም ባንዴ ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በመጠቀችው የጃፓን ሳተላይት ላይ የፀሐይ ፓነል ለመዘርጋት የተሞከረው በዚሁ ዘዴ ነበር።