የጠላታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ?

እኛ ጎንደሮች ስንጣላ «ለሥላሴ ሰጥቼዋለሁ» እንላለን። ይቅር አልኩት ማለታችን አይደለም። ፍርዱን ከእኔ ለበረታ ሰጠሁት ነው።

እኔም ብዬዋለሁ። ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጣልተን፣ ክንድ በማትሞላ መሬት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ሄጄ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት በትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ያዩኛል። አፈርክ ወይ? አላፈርኩም። ከስሼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ዳዊት ስደግም ደግሞ መዝሙር 34 ላይ ድምፄ ከፍ ይል ነበር። «ግፍዖሙ እግዚኦ ለእለ ይገፍዑኒ»፣ የሚበድሉኝን በድላቸው። ወረድ ብሎ ቁጥር 13 ላይ ያለውን ግን ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! ዳዊት እነዚያው ሰዎች ሲታመሙ ማቅ ለብሶ ጾሟል። ለጠላቶቹ! ጎረቤቴ ታሞ በነበረ ጊዜ እኔ ደጁን እንኳ አልረገጥኩም።

«ልቦና ይስጠው» የምንላት ጸሎትም ትጠርጠር። ጥፋተኛው እሱ ነው ብለን ጨርሰን ነው የምንጀምራት። እስጢፋኖስ በድንጋይ እየወገሩት «ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» አለ። የወጋሪዎቹን ልብስ የሚጠብቀው ሳውል እዚያው ቆሞ ነበር፤ የኋላው ጳውሎስ።

ጌታ «ስለሚያሳድዱአችሁ ጸልዩ» ሲል (ማቴ. 5፥44) ቁጣችሁ እስኪበርድ ጠብቁ አላለም። ወሰናችሁን ልቀቁም አላለም። የእኛንም ነገር ሽማግሌ ይዞታል፣ ይቀጥላል። ጸሎቱ ግን የሽማግሌ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የክርስትና ስሙ ማነው?»

አላውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት ቡና የተጠራራን ሰዎች ነን።

ሄጄ ሚስቱን ጠየቅኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። አልፈርድባትም፤ የተጣላ ሰው የክርስትና ስም ሲጠይቅ መተት ነው የሚታሰበው።

«ለምን ፈለጉት ጋሼ?»

«ለጸሎት።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። ውስጥ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ቆይታ ብቅ አለች።

«ወልደ ሚካኤል ነው» አለች። ከዚያ ትንሽ አመነታችና፣ «የእርስዎንስ ማን እንበል?»