የመድኃኒት ቅመማ ምንድን ነው?

አሁን ፋርማሲ ስንገባ የሐኪም ወረቀታችንን እናቀብላለን። ባለሙያው ከመደርደሪያው ፓኬቱን ያነሳል፣ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ» ብሎ ይጽፍበታል፣ እንከፍላለን፣ አለቀ። መድኃኒቱ የተሠራው ሌላ ቦታ ነው። ምናልባት ሕንድ፣ ምናልባት አዲግራት። የዛሬ መቶ ዓመት ለንደን ወይም ኒው ዮርክ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወንበር ስቦ ይጠብቃል፣ ወይም «ማታ ተመለስ» ይባላል። መድኃኒቱ ገና አልተሠራማ!

ቅመማ ይሄ ነው። በሐኪም ማዘዣ፣ ለአንድ በሽተኛ ተብሎ፣ መድኃኒቱን እዚያው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከጥሬ ዕቃው መሥራት። ልብስ በልክ ማሰፋት በሉት።

ስለዚህ የድሮው መድኃኒት ቤት ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ ወርክሾፕ ነበር። ከፊት ባንኮኒ አለ፤ ከኋላ ጓዳ። ጓዳው ውስጥ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ትንንሽ ሚዛን፣ የመስታወት ሰሌዳ፣ በላቲን ስም የተጻፈባቸው ብዙ መሳቢያዎች። መርዛማ ነገሮች የሚቀመጡት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ በሆነ፣ ጎኑ በሚጎረብጥ ጠርሙስ ነበር። መብራት በሌለበት እጅ ሲዳስሰው «ይሄ አደገኛ ነው» ብሎ እንዲያውቅ ነው። እንዴት ያለ ብልህነት ነው!

ክኒን ራሱ በእጅ ይሠራ ነበር። ዱቄቱ በማር ወይም በሽሮፕ ይታሻል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። ከዚያ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይድቦለቦላል፣ ቦይ ቦይ ባለው የነሐስ መቁረጫ እኩል እኩል ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ይከበባል። ሀብታም ደንበኛ ከሆነ ላዩ በስስ ብር ይለበጥለታል።

ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለማየት አንድ ቅባት እንከተል። በእንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም በአርተር ዊትፊልድ ስም የሚጠራ፣ ለጭርትና ለመሳሰለው የቆዳ ፈንገስ የሚታዘዝ ቅባት አለ። መቶ ግራም ለመሥራት 6 ግራም ቤንዞይክ አሲድ፣ 3 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ 91 ግራም ደግሞ ቫዝሊን ወይም መሰል ቅባት ያስፈልጋል። ቀማሚው ሁለቱን ዱቄቶች አልሞ ይደቁሳል። ከዚያ ቫዝሊኑን በአንዴ አይደፋበትም። ቢደፋ ዱቄቱ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል። አንድ ቀን የቀባኸው ቆዳህን ይለበልብሃል፣ በማግስቱ የቀባኸው ምንም አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር የሚተካከል ቫዝሊን ብቻ ይወስድና ሰሌዳው ላይ በስፓቱላ ያሸዋል። ሲዋሃድ፣ አሁን ያለውን ያህል ሌላ ይጨምራል። ያሻል። እንደገና ያን ያህል። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቅባት በጣት ሲነኩት የሚሻክር ነገር ካለ ሥራው አላለቀም።

ከነዚያ የአውሮፓ መሳቢያዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ የኛው ኮሶ ነበር። አዎ፣ የኮሶ ዛፍ አበባ። በ19ኛው መቶ ዘመን ዝናው አውሮፓ ደርሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ይሸጥ ነበር፤ የብሪታንያ ፋርማኮፒያ ውስጥም ገብቷል። የተፈጨው አበባ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሳይጠለል ከነአተላው ይጠጣል። የለንደን ሰው ፊቱን እንዴት እንዳጨማደደ መገመት ለኛ አይከብድም።

ፋርማኮፒያ የሚባለው የመድኃኒቶች አሠራርና መጠን በይፋ የሚደነገግበት መጽሐፍ ነው። የብሪታንያው የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። ከዚያ በፊት ለንደን፣ ኤድንብራና ደብሊን የየራሳቸው ነበራቸው። አንድ ስም የያዘ መድኃኒት ከከተማ ከተማ ሊለያይ ይችል ነበር ማለት ነው።

ጓዳውን ያዘጋው ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ዊሊያም ብሮክደን የተባለ እንግሊዛዊ ዱቄትን በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨፍልቆ ክኒን የሚያደርግ መሣሪያ ፓተንት አወጣ። ሰውዬው ሠዓሊ ነበር፤ የእርሳስ ግራፋይትንም በዚሁ መንገድ ጨፍልቋል። ነገሩ ቀስ እያለ ተስፋፋ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቅመማ ከመድኃኒት ቤት ሥራ ትንሿ ክፍል ሆነ። እኔ በዚህ ብዙም አላዝንም። ሺህ ክኒን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት የሚችለው ማሽን እንጂ የደከመው የማታ ተረኛ አይደለም።

አዲስ አበባ የዘመናዊ መድኃኒት ቤት ወግ የጀመረችው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው። የጆርጂያው ተወላጅ ሐኪም ዶክተር ሜራብ እዚህ መድኃኒት ቤት ከፍተው በአገራቸው ስም «ጆርጂያ» ብለውት ነበር። ዛሬም ቅመማ ጨርሶ አልጠፋም። የቆዳ ሐኪም ሁለት ሦስት ነገር ተደባልቆ እንዲሠራለት ያዘዘለት ሰው፣ የሚቀምም ፋርማሲ ፍለጋ ከተማውን ዞሮ ያውቀዋል። ኮቪድ የገባ ሰሞን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ግሊሰሪን እየለኩ ሳኒታይዘር ሲሠሩ፣ ያ ያረጀ ጥበብ እንደገና ተፈለገ።

ቅመማ በጣም የሚያስፈልገው ለልጆች ነው። ብዙ መድኃኒት የሚመረተው በአዋቂ መጠን ነው። ሽሮፕ ከሌለ እናቲቱ ባንኮኒው ላይ «ግማሹን ሰብረሽ በማንኪያ በጥብጠሽ ስጪው» ትባላለች። በግምት የሚደረግ ቅመማ ማለት ይሄው ነው። ግማሹ እኩል ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ክኒን ደግሞ ጭራሽ አይሰበርም፤ ለምሳሌ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ፣ ሲሰበር የቀኑን ሙሉ መጠን በአንዴ ሊለቀው ይችላል። «ይሰበራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በደንብ ካልተሠራ ቅመማ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለ አንድ ቀማሚ ድርጅት ያዘጋጀው የጀርባ ሕመም መርፌ በፈንገስ ተበክሎ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ዓመት የአገሪቱ ኮንግረስ ለቀማሚዎች ቁጥጥር አዲስ ሕግ አወጣ። በአንድ ታካሚ ልክ መሥራትና እንደ ፋብሪካ በሺህ መሥራት የተለያየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ድርጅቱ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ፈቃድ ነበር የሚሠራው።

የተቀመመ መድኃኒት ከተሰጣችሁ ብልቃጡ ላይ ውስጡ ያለው ነገር፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አጽፉ። ውኃ ያለበት ነገር ቶሎ ይበላሻል። የአሜሪካ መመሪያ መከላከያ ኬሚካል ለሌለውና ውኃ ላለበት የሚጠጣ ቅመም የሚፈቅደው፣ ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ፣ 14 ቀን ነው። ውኃ የሌለበት የቫዝሊን ቅባት ከዚያ በላይ ይቆያል።