ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ሳምባ ምን ይሠራል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው መንገድ ላይ ጆሮው ድፍን ይላል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። «ሐረር ላይ ኦክስጅኑ ያንሳል» የሚል አይጠፋም። በመቶኛ ከተለካ ግን አያንስም። ድሬ ቀፊራ ገበያም ሐረር ጀጎል ውስጥም አየሩ 21 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ድሬ ላይ በ13 ከመቶ፣ ሐረር ላይ በ20 ከመቶ ገደማ። ይህን ግፊት የሚባል ነገር የያዘ ሰው የአተነፋፈስን አብዛኛውን ነገር ያዘ።

ሳምባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። ሥራው የድያፍራም ነው። ድያፍራም ደረትንና ሆድን የሚለይ ሰፊ ጡንቻ ሲሆን፣ በጎድን አጥንቶች መሃል ያሉ ጡንቻዎች ያግዙታል። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረት ይሰፋል፤ በሳምባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። አየሩም ይገባል። ለማስወጣትማ፣ ሰውየው ዕረፍት ላይ ከሆነ፣ ጉልበት አያስፈልግም። ጡንቻው ሲላላ ሳምባው እንደተለጠጠ ላስቲክ ይሰበሰባል።

ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በአንድ ጊዜ የሚገባው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በአየር ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ሳይሠራ ይመለሳል። አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያረጥባል፣ ወደ 37 ዲግሪ ያደርሰዋል። በድሬ ሙቀት ማሞቁ ብዙም አያደክመውም። አቧራውን መያዙ ነው ሥራ የሚሆንበት።

ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው በሳምባ ውስጥ፣ በአየር ቧንቧዎቹ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዘንድ ነው። ከ300 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። በከረጢቱና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ይሳሳል። እዚህም ነገሩ የግፊት ነው። ኦክስጅን በከረጢቱ ውስጥ ስለሚበዛ ወደ ደም ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ስለሚበዛ ወደ ከረጢቱ ይወጣል። ቀይ የደም ሴል በዚያ ሲያልፍ አንድ ሰከንድ እንኳ አይቆይም፤ ዕረፍት ላይ ከሆንን ከዚያችም ሲሶዋ ይበቃዋል። የምናስወጣው አየር 16 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው። ብዙውን ሳንጠቀምበት እንመልሰዋለን ማለት ነው።

ታዲያ ሐረር ላይ ግፊቱ ከቀነሰ ሰው ለምን አያለከልክም? መልሱ ሂሞግሎቢን ነው፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን። በደም ውስጥ ካለው ኦክስጅን 98 ከመቶ ገደማውን የሚሸከመው እሱ ሲሆን፣ በከረጢቱ ያለው ግፊት መጠነኛ ቅናሽ ቢያሳይም ጭነቱን ብዙ አይቀንስም። ችግሩ የሚጎላው ከ2,500 ሜትር ወዲያ ነው። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ዳገት ወጥቶ የደከመው ሰው ከፍታውን ባይወቅስ ይሻላል፤ አቦ፣ እንቅስቃሴ ማነስ ይሆናል!

የትንፋሹን ፍጥነት በአብዛኛው የሚወስነውም የኦክስጅን እጥረት አይደለም። አእምሮ በዋናነት የሚከታተለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው። ትንፋሽ ይዞ የቆየ ሰውን የሚያስጨንቀው የሱ መከማቸት ነው።

በሁለቱም ከተሞች የበለጠ የሚያሳስበው የቤት ውስጥ አየር ነው። በርጫ ላይ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ይነዳል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ቡና ይፈላል። ጭሱ ያስላል፣ ያም ቢሆን ይታያል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለው። ሂሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ በደሙ ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስድበታል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ብዙ ሰው «ጫቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ካመማቸው ከሰሉን መጠርጠር ይገባል። ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያም ሕክምና መሄድ ነው። በተራ አየር የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግማሽ ከደም ውስጥ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።