በኪሮሽ ሥራ «ቀለም መቀየር» ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ጸጥ ትላለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ፀሐዩን ሸሽቶ ቤቱ ይገባል። እኔ ኪሮሽ የተማርኩት በዚያ ሰዓት ነው፤ በጎረቤታችን በእትዬ በረንዳ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ። የመጀመሪያ ሥራዬ ረከቦት ላይ የሚነጠፍ ክብ ዳንቴል ነበር። መሐሉ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ። ጨርሼ ሳሳያቸው ዝም ብለው በጣታቸው ዙሩን ተከተሉ። ነጩና ቀዩ የተገናኙበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ቀዩ ዘግይቶ ነው የገባው» አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። ነጩ ሲያልቅ ቀዩን ጀምሬያለሁ፤ ታዲያ ምኑ ነው የዘገየው?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር አንዷን ስፌት «ዓይን» እንላታለን። አንድ ዓይን ሠርተን ስንጨርስ ኪሮሹ፣ ማለትም ጫፉ የተቆለመመው መርፌ፣ ላይ አንዲት ቀለበት ትቀራለች። ያቺ ቀለበት የዚያ ያለቀ ዓይን ትመስላለች እንጂ የእሱ አይደለችም። የሚቀጥለው ዓይን አናት ናት። ስለዚህ ነጩን ዓይን በነጭ ጨርሰን ቀዩን ከጀመርን፣ የመጀመሪያው ቀይ ዓይን እግሩ ቀይ፣ አናቱ ነጭ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ መስመሩ የቆሸሸ ይመስላል። የእኔ ዳንቴል ላይ የታየው ይህ ነበር።

ቀለም መቀየር ማለት እንግዲህ አዲሱን ክር ከአዲሱ ዓይን በፊት ማስገባት ነው። የድሮው ቀለም የመጨረሻ ዓይን ሊያልቅ አንድ ስበት ሲቀረው፣ ያንን ስበት በአዲሱ ክር እንስበዋለን።

በአጭሩ ዓይን እንየው። ኪሮሹን አስገብተን ክር ስናወጣ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እዚህ ላይ ነጩን ልቀቁ። ቀዩን ያዙና በሁለቱም ቀለበት ውስጥ አሳልፉት። ዓይኑ ነጭ ሆኖ አለቀ፣ ኪሮሹ ላይ የቀረችው ቀለበት ግን ቀይ ናት። በረጅሙ ዓይን፣ ማለትም ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመን በምንሠራው፣ መጀመሪያ ሦስት ቀለበት ይኖራል። በሁለቱ ውስጥ በነጭ እናሳልፋለን፣ ሁለት ይቀራል። ቀዩ የሚገባው አሁን ነው። ዓይኑ የቱንም ያህል ቢረዝም ሕጉ ያው ነው፦ በመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ውስጥ የሚያልፈው አዲሱ ቀለም ነው። በክብ ሥራ ዙሩ የሚዘጋው ጫፍና ጫፉን በማገናኘት ከሆነ ደግሞ፣ የምታገናኙት በአዲሱ ክር ይሁን።

ከዚያ የጫፉ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው ሁለቱን ክር ቋጥሮ አጭር አድርጎ ይቆርጣል። እኔ ይህን አልወደውም። ቋጠሮው ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ብቅ ይላል፣ ወይም በእጥበት ይፈታል። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጥና፣ በመርፌ በጀርባው በኩል በዓይኖቹ ውስጥ ይሂድ፤ ከዚያ ዞሮ ይመለስ። የተመለሰው ነው የሚይዘው። የሱፍ ክር ጠጉራም ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። እኛ ግን በድሬ ሙቀት የምንሠራው በአብዛኛው በጥጥ ክር ነው። ጥጥ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አንድ ምልልስ ጨምሩለት።

ሁልጊዜ ግን ክር መቁረጥ አያስፈልግም። በሁለት ቀለም መስመር እየሠራችሁ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ቀለም ሁለት ሁለት ረድፍ ስሩ። ሄዳችሁ ስትመለሱ የተዋችሁትን ክር ዳር ላይ ሲጠብቃችሁ ታገኙታላችሁ፤ ከዳሩ ላይ አንስታችሁ ትቀጥላላችሁ። ስታነሱት አታጥብቁት፣ ዳሩ ይጨማደዳል።

በአንድ ረድፍ ውስጥ ቀለም ሲፈራረቅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የማትሠሩበትን ክር በታችኛው ረድፍ አናት ላይ አስተኝታችሁ፣ በምትሠሩበት ክር እየሸፈናችሁት ትሄዳላችሁ። ሲፈለግ ከዚያው ይነሳል። አበባም ይሁን መስቀል፣ ኮፊያ ላይ የሚዞር ጥለትም ይሁን፣ በዚህ ይወጣል። ይህን ሳስብ የሐረር ስፌት ትዝ ይለኛል። ጀጎል ውስጥ ባህላዊ የአደሬ ቤት የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን አይቷል። እነሱም የሚሠሩት የሣር ጥቅሉን እያዞሩ፣ በቀለም ባማረ ሣር እየሸፈኑ ነው። ጫፉ ጥቅሉ ውስጥ ይቀበራል፤ ከውጭ ቀለሙ ብቻ ይታያል። በኪሮሽም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የእኛ ክር ስስ መሆኑ ነው፤ ነጭ ዓይን ውስጥ የተኛ ጥቁር ክር እንደ ጥላ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ዓይኑን ጠበቅ አድርጉ፣ ወይም እምብዛም የማይራራቁ ቀለሞችን ምረጡ።

ቀለሙ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቢጫ ትራስ፣ ክሩን ውስጥ ለውስጥ መጎተት ሥራውን ያወፍረዋል እንጂ ጥቅም የለውም። ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱን ትንሽ ጥቅል አዘጋጁ። ሁለቱ ቀለም በሚገናኙበት ቦታ፣ በጀርባ በኩል አንዱን ክር በሌላው ላይ አንዴ አዙሩ። ይህን የረሳ ሰው በሁለቱ ቀለም መካከል ቀዳዳ ያገኛል።

ኮፊያ የሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ቀጥ ያለ መስመር ሠራሁ፣ ለምን ያዘነብላል?» ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ሳይገለበጥ እየዞረ በሚሄድ ሥራ የአጭሩ ዓይን አናት ከእግሩ ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጣል። በቀኝ እጅ ለሚሠራ ወደ ቀኝ ነው። ዙር በጨመረ ቁጥር ያዘነብላል። ስለዚህ ለኮፊያ ከቀጥታ መስመር ይልቅ ሰያፍ ወይም ትናንሽ የተበተኑ ጥለቶች ያምራሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሰው የሚያስበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ያ የመጀመሪያ ዳንቴሌ ሲታጠብ ቀዩ ለቀቀና ነጩ ሮዝ ሆነ። አሁን ቀይ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ክር ስገዛ ከመጀመሬ በፊት ቁራጭ አርጥቤ በነጭ ጨርቅ ውስጥ ጨመቅ አደርገዋለሁ። ጨርቁን ቀለም ካልነካው እጀምራለሁ። ከነካው ግን ክሩን ፈትቼ እንደ ጉንጉን እጠቀልለዋለሁ፣ እንዳይወሳሰብ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጌ አስረዋለሁ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስም ለብቻው አጥበዋለሁ። በድሬ ፀሐይ እስከ ማታ ይደርቃል።