«መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል ማን ነው የለመደው?

ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ወረፋ የያዘ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲል መስማት የተለመደ ነው፤ ሥር በሰደደው የማይሎይድ የደም ካንሰር ግን መድኃኒቱን የሚቋቋመው የታማሚው ሰውነት ሳይሆን የካንሰሩ ሕዋስ ነው። በዚህ ሕመም የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም (ዘረመል የተሸከመ የሕዋስ ክፍል) ቁራጮች ቦታ ይለዋወጡና ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ፣ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ኢንዛይም ይፈጠራል፤ ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ኢንዛይሙ ውስጥ ካለ ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ሥራውን ያቆመዋል። ሕዋሱ ኢንዛይሙን ከልክ በላይ ካበዛ የተለመደው የክኒኑ መጠን አይበቃም። የባሰው ግን የቅርጽ ለውጥ ነው፤ በኢንዛይሙ 315ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) አይሶሊዩሲን በተባለ ሌላ ሲተካ ኢማቲኒብ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ መድኃኒቶቹ ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም መግቢያ ያጣሉ፣ ፖናቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት ግን ይሠራል።

ከዚህ ጋር የሚምታታው የጉበት ኢንዛይም ነው። ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ኢማቲኒብን ይሰባብራል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ የዚህን ኢንዛይም መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመላለሰች የምትታከም አንዲት እናት የነቀርሳ ሕክምና ብትጀምር፣ አንድም ክኒን ሳታጓድል በደሟ ያለው ኢማቲኒብ በብዙ ሊቀንስ ይችላል። ይህን «መላመድ» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሕተት ነው፤ ሕዋሱ አልተለወጠምና። ሐኪሙ ሁለቱን የሚለየው የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው አይቶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የቢሲአር-ኤቢኤልን ዘረመል አስመርምሮ ነው።